የኮሮና የእንቅስቃሴ ገደብና የነርቭ እድገት ችግር ያለባቸው ልጆች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወረርሽኙ ካለፈ ዓመታት ቢቆጠሩም ጥያቄው አላባራም። «ልጄ የተለወጠው ያን ጊዜ ነው» ትላለች አንዷ እናት። «የእኔ ልጅ ደግሞ እንደዚያን ጊዜ ተረጋግቶ አያውቅም» ይላል ሌላው አባት። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ሳስተምር የኖርኩ መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ በጥናት የታወቀውን እንደ ጥናት፣ በክፍሌ ያየሁትንና በስልክ የሰማሁትን ደግሞ እንደ አንድ መምህር ገጠመኝ ውሰዱት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የነርቭ እድገት ችግር ሲባል የትኞቹን ልጆች ማለት ነው?

በዚህ ስም የሚጠሩት ብዙ ናቸው፦ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትንና ለውጥን መቀበልን የሚያከብድ)፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር)፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ የንግግርና የቋንቋ ችግር፣ እንደ ዲስሌክሲያ (የማንበብ ችግር) ያሉ የመማር ችግሮች፣ ቲክ (ሳይፈልጉት የሚመጣ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ወይም ድምፅ) እና ቲክ የሚበዛበት ቱሬት ሲንድረም፣ የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር። ሁሉም ከልጅነት የሚጀምሩና አእምሮ ከሚያድግበት መንገድ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በአስተዳደግ ጉድለት የመጡ አይደሉም። አንድ ልጅ ሁለትና ሦስቱን ደርቦ መያዙም የተለመደ ነው።

በኮሮና ጊዜ ግን ማን እንደሚጎዳ የምርመራው ስም ብቻውን አልነገረንም። አንድ ዓይነት የምርመራ ወረቀት ከተሰጣቸው ሁለት ልጆች አንዱ ሲፈርስ ሌላው ሲያብብ አይተናል። ለይቶ የነገረን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ልጅ ተደግፎ የቆመው በምን ነበር? ከእነዚያ ድጋፎችስ የትኛው ተነሳበት? የሚቀጥለውን ሁሉ በዚህ ጥያቄ በኩል ቢያነቡት ይቀላል።

የተቋረጠው ትምህርት ብቻ አልነበረም እንዴ?

የዓለም ጤና ድርጅት ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ዓለም አቀፍ የጤና አደጋ መሆኑን አወጀ፤ ማርች 11 ቀን ደግሞ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ጠራው። በኤፕሪል ወር፣ በዩኔስኮ ቆጠራ መሠረት፣ ከ190 በሚበልጡ አገሮች ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ተማሪዎች ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ነበሩ። በዓለም ካሉት ተማሪዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ቤታቸው ዋሉ ማለት ነው።

ለአብዛኞቹ የተቋረጠው ትምህርት ነው። ለእነዚህ ልጆች ግን ትምህርት ቤት ማለት የንግግር ባለሙያዋ የምትመጣበት ማክሰኞ ነው። የጣቶቹን ሥራ የሚያለማምደው ቴራፒስት፣ ሲረበሽ ወደየትኛው ጥግ እንደምትወስደው የምታውቅ ረዳት፣ በሰዓቱ የሚመጣ አውቶቡስ፣ ለአንዳንዱ በቀን ውስጥ የሚያገኘው አንድ የተሟላ ምግብ ነው። ለእናት ደግሞ ሥራ የምትሠራበት ወይም የምትተኛበት ስድስት ሰዓት ነው። ቤት ውስጥ የሚደበደብ ልጅ ካለ ቀድሞ የሚያየውም ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከነሰዎቹ ተነሳ። ጣሊያን በማርች 5 ትምህርት ቤቶቿን በሙሉ ዘጋች። ስፔን ውስጥ ልጆች ለእግር ጉዞ እንኳ ሳይወጡ ከማርች አጋማሽ እስከ ኤፕሪል 26 ቆዩ።

የዕለት ፕሮግራም መለወጥ ይህን ያህል የሚጎዳው ለምንድን ነው?

አንድ የዘጠኝ ዓመት ተማሪዬን ላንሳ። ኦቲዝም አለበት፤ የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት እንደወትሮው ተነስቶ ጫማውን አደረገና ቦርሳውን አዝሎ በሩ ጋ ቆመ። አውቶቡሱ አልመጣም። እናቱ «ዛሬ ትምህርት የለም» አለችው፤ ቅዳሜና እሁድ የምትለው ይህንኑ ስለሆነ ገባው፣ ቦርሳውን አወረደ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ቦርሳዬን አላወርድም አለ። በአራተኛው የበሩን እጀታ በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን እጁን ይነክስ ጀመር። ስትደውልልኝ ድምፅዋ ከጩኸቱ በላይ አይሰማም ነበር።

ነገሩ የገባን ቆይቶ ነው። «ትምህርት የለም» ለእሱ የሁለት ቀን ነገር ነው። በሕይወቱ ሁሉ ሁለት ቀን ሆኖ ያበቃል፤ ሦስተኛ ቀን የለውም። እናቱ የነገረችው ሁሉ በእሱ ዓለም ውሸት ሆኖ ተገኘ።

ቤቴ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ስለሆነ የተቆለፈውን በር በስልኬ አንስቼ ላክሁላት። አተመችና ግድግዳው ላይ ከአውቶቡሱ ፎቶ ጎን ለጠፈችው፤ ከሥሩ የቤቱን ጠረጴዛና ወንበር። ጫማውን ማድረግ አልተወም። በሩ ጋ መቆሙን ግን በሳምንቱ ተወና ጫማውን እንዳደረገ ጠረጴዛው ጋ መቀመጥ ያዘ። ጫማ ቤት ውስጥ ለምን ይደረጋል ብላ ልታስወልቀው ፈልጋ ነበር፤ ተይው አልኳት።

ቃልና ሰዓት ለማይጨበጥለት ልጅ የቀኑ ቅደም ተከተል ራሱ ቋንቋ ነው። ምን እንደሚመጣ የሚነግረው እሱ ነው። ኤዲኤችዲ ላለበት ልጅ ደግሞ ደወሉ፣ የክፍለ ጊዜው መለዋወጥ፣ የመምህሩ ዓይን በውስጡ ያልጠነከረውን የማቀድና ራስን የመግታት ሥራ ከውጭ ሆነው ይሠሩለታል። ደወሉን ያነሳ ሰው ምርኩዙን ነው የነጠቀው።

ጥናቶቹ ምን አገኙ?

ጣሊያን ውስጥ በቬሮና ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 ጸደይ፣ አገሩ ሙሉ በሙሉ በተዘጋበት ወቅት፣ ኦቲዝም ያለባቸውን 527 ሰዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በኦንላይን ጠየቁ። 93.9 በመቶው ወቅቱ ፈታኝ እንደነበር ተናገሩ። 35.5 በመቶው የልጃቸው የባሕርይ ችግር ጠንከር እንዳለ፣ 41.5 በመቶው ደግሞ ቶሎ ቶሎ መከሰት እንደጀመረ ገለጹ። ከመዘጋቱ በፊትም የባሕርይ ችግር የነበራቸው ልጆች ይበልጥ ተጎድተው ተገኙ።

በፈረንሳይ ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 533 ወላጆች ሲጠየቁ መልሱ ለሦስት ተከፈለ፦ 34.7 በመቶ «ባሰበት»፣ 34.3 በመቶ «ያው ነው»፣ 31 በመቶ ግድም «ተሻለው»። እንግሊዝ ውስጥ ኮ-ስፔስ የተባለው ጥናት ወላጆችን ከማርች 2020 ጀምሮ በየወሩ ሲከታተል ቆየ። በመጀመሪያው ገደብ በተለይ የአንደኛ ደረጃ ልጆች የባሕርይና የትኩረት ችግር ከፍ አለ፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ወረደ፤ በ2021 መጀመሪያ እንደገና ሲዘጋ ተመልሶ ወጣ። ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ግን ችግራቸው መጀመሪያውኑ ከሌሎቹ በላይ ስለነበር በወረደበትም ጊዜ ከበላይ እንደሆነ ቀረ።

እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ አንድ ነገር አንርሳ። በኦንላይን መጠይቅ የሚመልስ ኢንተርኔት ያለው፣ ለሃያ ደቂቃ ቁጭ ማለት የቻለ ወላጅ ነው። በአንድ ክፍል ቤት ከአምስት ሰው ጋር የተዘጋ፣ ስልኩ ካርድ ያለቀበት ቤተሰብ በቁጥሩ ውስጥ የለም። ልጆቹ ራሳቸውም በአብዛኛው አልተጠየቁም።

የተሻላቸው ልጆች ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በእኔ ክፍልም ነበሩ። ረጋ ብሎ ላሰበው አያስገርምም። የደወል ጩኸት የለም፣ የሰላሳ ልጅ ጫጫታ የለም፣ በእረፍት ሰዓት ጥግ አስይዞ የሚያሾፍ የለም። ቀኑን ሙሉ እንደሌሎቹ ለመምሰል ስትጥር ውላ ቤት ስትገባ የምትፈነዳ ልጅ የምትፈነዳበት ምክንያት አጣች። ሌሊት እንቅልፍ የሚያስቸግረው ወጣት ጠዋት ሰውነቱ ሲነቃ ተነሳ። ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ሃያ ደቂቃ ተምሮ፣ አሥር ደቂቃ ዘሎ፣ እንደገና መጣ፤ ክፍል ውስጥ ይህን ቢያደርግ ይቀጣ ነበር። በፈረንሳዩ ጥናት ከተሻላቸው ልጆች ወላጆች ብዙዎቹ ያነሱት የትምህርት ቤት ጭንቀት መቅለሉን ነው። አንዳንድ ወላጆችም ልጃቸው ሲያጠና አጠገቡ የተቀመጡት ያኔ ገና ስለነበር፣ ስንፍና ሲሉት የኖሩት ነገር የትኩረት ችግር መሆኑን ያዩት በዚያው ጊዜ ነው።

ልጅ ቤት ሲውል ከተሻለው ችግሩ በልጁ ላይ ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም መመርመር አለበት። ይህን ስል ቅር የሚላቸው ባልደረቦች አሉኝ። ደግሞም «እንግዲያስ ቤት ይዋል» ብሎ መደምደም ሌላ ስህተት ነው። ጭንቀት የሚፈጥርብንን ነገር ስንሸሽ ወዲያው ይቀለናል፤ የሸሸነው ነገር ግን ከመራቃችን የተነሳ እየገዘፈ ይሄዳል። በ2020 ከሁሉ ይበልጥ ተረጋግተው ከነበሩት ልጆች ጥቂቶቹ በኋላ ትምህርት ቤት መመለስ እምቢ ያሉት ናቸው።

ልጄ የሚያውቀውን ረሳ። የነበረው ይመለሳል?

ሽንት ቤት መሄድ፣ ራሱን መልበስ፣ በማንኪያ መብላት፣ የነበሩት ጥቂት ቃላት፦ ከእነዚህ አንዱ ወደ ኋላ መመለሱን ብዙ ቤተሰቦች ተናግረዋል። ለእነዚህ ልጆች ክህሎት ከቦታና ከሰው ጋር ተጣብቆ ይማራል። በትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት፣ በዚያች ረዳት ፊት የሚያደርገውን በቤቱ ሽንት ቤት አያደርገውም። ስለዚህ የጠፋ የመሰለው ብዙ ጊዜ የትም አልጠፋም፤ የሚቀሰቅሰው ቦታና ሰው ነው የጠፋው። እንዲህ ያለው ልምምዱ ሲመለስ ይመለሳል፤ አንዳንዱ በሳምንታት፣ አንዳንዱ በዓመት። ከባዶ መጀመር ቢያናድድም ሁለተኛው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይፈጥናል።

ነገር ግን ትንሽ ልጅ ይናገራቸው የነበሩትን ቃላት በሙሉ ካቆመ፣ መራመዱ ከተበላሸ፣ ዓይኑ ፈዞ ለሰከንዶች የሚቀር ከሆነ ወይም ሰውነቱ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይህን በኮሮና አያሳቡ። ሐኪም ጋ ይውሰዱት። «ከመዘጋቱ ጀምሮ ነው» የሚለው ማብራሪያ ምቹ ስለሆነ የሚጥል በሽታን የመሰለ ነገር ሊሸፍን ይችላል።

የኦንላይን ትምህርትና ቴራፒ ይሠራ ነበር?

ለማን እንደሆነ ይለያያል። ስክሪን ላይ በሃያ ትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ፊቶችን፣ እየተቆራረጠ የሚመጣ ድምፅንና የራስን ፊት አብሮ ማየት ትኩረት ለሚያስቸግረው ልጅ ከክፍል የባሰ ነው። የማይናገር ልጅ ደግሞ ላፕቶፑን ከፍቶ ካርቱን ሲጠብቅ መምህሩ ይመጣበታል፤ ይዘጋዋል። ተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንደዘጉኝ አልቆጠርኩም።

ይልቁንም የሠራው ሌላ ነገር ነው። ቴራፒስቷ ልጁን በስክሪን ከማስተማር ወላጁን በስክሪን ማሠልጠን ስትጀምር፣ እናት ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁማ ከልጁ ጋር ስትጫወት ባለሙያዋ በጆሮ ማዳመጫ «አሁን ቆይ በይው፣ አምስት ቁጠሪ፣ አሁን ስጪው» ስትላት ለውጥ ታየ። ክህሎቱ የተማረው ሥራ ላይ በሚውልበት ቤት ስለሆነ ከክሊኒክ ወደ ቤት የሚሻገርበት ድልድይ አላስፈለገውም። ይህ አሠራር ከገደቡ በኋላም በብዙ ቦታ ቀጥሏል፤ በተለይ ከባለሙያ ርቀው ለሚኖሩ።

ምርመራውስ ዘግይቷል?

አዎ። ኦቲዝምን ለመለየት በሰፊው የሚሠራበት አዶስ የተባለው ምርመራ ፊት ለፊት፣ ፊት እየታየ፣ አብሮ እየተጫወቱ የሚደረግ ነው። ማስክ ያደረገ መርማሪ የልጁን ፈገግታ መልስ ሊመዝን አይችልም። ስለዚህ ለወራት ቆመ። በኋላ ወላጅ ከልጁ ጋር ሲጫወት ባለሙያው ከሩቅ የሚመለከትበት ቦሳ የሚባል አጭር ምርመራ ተዘጋጀ። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሪፖርት ላይ የአራት ዓመት ልጆች ምርመራ እስከ ማርች 2020 ድረስ ከቀደሙት ዓመታት እየበለጠ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት ሲያሽቆለቁል ይታያል። እነዚያ ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተዋል። አንዳንዶቹ ገና አሁን ነው ወረፋ የሚጠብቁት።

በወረርሽኙ ጊዜ የተወለዱ ልጆች ላይ ኦቲዝም በዝቷል?

የተገኘ ማስረጃ የለም። የመዘግየት ምልክት ግን ታይቷል። ኒውዮርክ ውስጥ 255 ሕፃናት በስድስት ወራቸው ሲመዘኑ፣ በወረርሽኙ ጊዜ የተወለዱት በእንቅስቃሴና ከሰው ጋር በመግባባት ከቀደሙት ሕፃናት ጥቂት ዝቅ ብለው ተገኙ። እናትየው በቫይረሱ መያዝ አለመያዟ ልዩነት አላመጣም። በአየርላንድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተወለዱት አንድ ዓመት ሲሞላቸው ቢያንስ አንድ ትርጉም ያለው ቃል የሚናገሩት 76.6 በመቶ ሲሆኑ ከዚያ በፊት በተወለዱት 89.3 በመቶ ነበር። በጣት መጠቆምና እጅ ማውለብለብም አነሰ። ደስ የሚለው መዳህ በዝቷል፤ ቤት ወለሉ ላይ ስለዋሉ ይሆናል። ሰው የማይመጣበት ቤት ያለ ሕፃን እጁን የሚያውለበልበው ለማን ነው?

መዘግየትና ኦቲዝም ግን ለየቅል ናቸው። በ2024 የወጣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በኒውዮርክ የተወለዱ ሕፃናትን የኦቲዝም ቅድመ ምርመራ ውጤት አወዳድሮ በወረርሽኙ ጊዜ በተወለዱት ላይ ጭማሪ አላገኘም፤ እናታቸው ተይዛ የነበሩትም ጭምር።

ማስክ ማድረግ የማይችል ልጅ ይገደድ ነበር?

አይገደድም ነበር፤ ወይም መገደድ አልነበረበትም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በኦገስት 2020 ባወጡት መመሪያ አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ማስክ እንዲያደርጉ አይጠየቁም፤ የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆችም ግዴታ መሆን የለበትም፣ በየልጁ ሁኔታ ይታይ ይላል። በር ላይ የቆመው ሰው ግን መመሪያውን አላነበበም።

መንግሥታት ለእነዚህ ቤተሰቦች የተለየ ነገር አድርገው ነበር?

አንዳንዶቹ ዘግይተውም ቢሆን አድርገዋል። እንግሊዝ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለስፖርት መውጣት ትፈቅድ ነበር፤ ቤተሰቦች በጠበቃ በኩል ከተከራከሩ በኋላ በኤፕሪል 2020 ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከአንድ ጊዜ በላይ እንዲወጡ፣ ወደሚያረጋጋቸው ቦታም ራቅ ብለው እንዲሄዱ መመሪያውን አስተካከለች። ፈረንሳይ ለኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ገደቡን ማላላቷን ፕሬዚዳንቱ ያስታወቁት ኤፕሪል 2፣ በዓለም የኦቲዝም ቀን ነው።

የስፔን ታሪክ ከሁሉ ያስተምራል። እነዚህ ልጆች እንዲወጡ ፈቃዱ በማርች ወር ቢሰጥም ወላጅ ልጁን ይዞ ሲወጣ ከየሰገነቱ የስድብ መዓት ይወርድበት ነበር። ለዚህም አንዳንድ ቤተሰቦች የተፈቀደለት መሆኑ ከሩቅ እንዲታወቅ ልጁ ክንድ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ማሰር ጀመሩ። ሌሎች ወላጆች በዚህ ተቆጡ፦ በሕግ የተፈቀደልኝን ለማድረግ ልጄ ላይ ምልክት የማስረው ለምንድን ነው? እኔም ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ፤ ሰማያዊውን ያሰረችውን እናት ግን አልፈርድባትም። ከሰገነት የሚጮኽ ሰው ለልጇ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት።

መድኃኒት ማቋረጥ ይገባ ነበር?

ቤት ስለዋለ ብቻ ማቋረጥ አይገባም ነበር። የአውሮፓ የኤዲኤችዲ መመሪያ ቡድን በ2020 ባወጣው ምክር፣ መድኃኒት የሚወስዱ እንዲቀጥሉ፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ክትትሉም ከርቀት እየታገዘ እንዲካሄድ ሐሳብ አቅርቧል። በስልክ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ መጠን መጨመርም አይገባም ነበር።

በወላጆችና በወንድም እኅቶች ላይስ?

ባለሙያዎቹ ሲጠፉ ሥራቸው አልጠፋም፤ ወደ ቤት ነው የገባው። እናት የንግግር ባለሙያ፣ መምህር፣ ረዳት፣ ነርስ ሆነች፤ የራሷንም ሥራ በጎን ይዛ። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች የእነዚህ ልጆች ወላጆች ጭንቀትና ድብርት ከሌሎች ወላጆች ከፍ ያለ እንደነበር ይስማማሉ። ይህ ልዩነት ከኮሮና በፊትም የነበረ ነው። ያኔ የጠፋው ማረፊያው ነው፦ ልጁን ለሁለት ሰዓት የምትይዝ አያት፣ የቀን ማቆያው፣ ቅዳሜ የሚመጣው ረዳት። አያት ደግሞ በዕድሜዋ ምክንያት መጠበቅ ያለባት ሰው ሆነች።

አንድ የማውቃቸው ባልና ሚስት ሌሊት የማይተኛ ልጅ ነበራቸው። እንደ ዘበኛ ተራ ገቡ፤ እሷ እስከ ሌሊቱ ስምንት፣ እሱ ከዚያ እስከ ንጋት። አራት ወር ሙሉ አንድ ማዕድ ላይ አልተገናኙም። የሚነጋገሩት ማቀዝቀዣው ላይ በሚለጥፉት ወረቀት ነበር፦ «በልቷል። አንዴ ነክሷል። መድኃኒቱ አራት ቀርቷል።» ብቻዋን የምታሳድግ እናት ዘንድ ደግሞ ተራ የሚገባ የለም። ከእነሱ ደጋግሜ የሰማሁት ፍርሃት ስለ ልጁ መታመም አልነበረም፤ «እኔ ብታመም ማን ይይዘዋል?» የሚል ነበር።

ስለ ራሴም ልናገር። በመጀመሪያው ወር ለወላጆች የላክሁትን የመልመጃ ወረቀት ብዛት ሳስበው አፍራለሁ። አንዲት እናት «መምህር፣ ዛሬ ሁላችንም በሕይወት አለን፤ የቤት ሥራው ይህ ነው» ብላ መልስ ጻፈችልኝ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ነገር ብቻ መላክ ጀመርኩ።

ወንድምና እኅቶች በጥናቱም በቤቱም ይረሳሉ። በጩኸት መካከል የኦንላይን ክፍል የሚከታተል፣ እናቱን ላለማስቸገር ጥያቄውን የሚውጥ ልጅ «ጎበዝ፣ ምንም አያስቸግርም» ይባላል። ያልተቸገረ መስሎ የታየው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ሆድ ቁርጠት ወይም እንቅልፍ ማጣት ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። ዛሬም ቢሆን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያለ ወንድሙ፣ ያለ ስልክ፣ ግማሽ ሰዓት ለእሱ ብቻ ቢሰጡት አልረፈደም።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ይበልጥ የከበደው ለምንድን ነው?

የተመለሰው ትምህርት ቤት የቀድሞው ስላልነበረ ነው። ወንበሩ ተራርቋል፣ የምታውቀው ረዳት ወደ ሌላ ክፍል ሄዳለች፣ የመምህሩ ፊት በማስክ ተሸፍኗል፣ በር ላይ ግንባሩን የሚለካ ሰው ቆሟል። ለስድስት ወር «ሰው አትንካ፣ እጅህን ታጠብ» የተባለ፣ ነገርን ቃል በቃል የሚወስድ ልጅ በአንድ ሰኞ «አሁን ይቻላል» ሲባል አያምንም። እጁ እስኪላጥ የሚታጠብ ልጅ ነበረኝ።

ዛሬም ትምህርት ቤት እምቢ የሚል ልጅ ካለዎት በማባበልና በመጎተት መካከል ሌላ መንገድ አለ፤ በጥቂት በጥቂቱ መመለስ። መጀመሪያ ግቢው ድረስ ሄዶ መመለስ፣ ከዚያ ባዶ ክፍል መግባት፣ ከዚያ የሚወደው አንድ ክፍለ ጊዜ። እያንዳንዱ ደረጃ እስኪሰለቸው ይደገማል። ከሁሉ በፊት ግን ምን እንደሚያስፈራው ይወቁ። አንዱን ልጅ የሚያስፈራው ሽንት ቤቱ ውስጥ ያለው የእጅ ማድረቂያ ድምፅ ነበር፤ አምስት ወር «ሰነፈ» ሲባል ቆይቷል።

እንደገና ቢዘጋ፣ ወይም ልጄ በሌላ ምክንያት ለወራት ቤት ቢውል ምን አዘጋጅቼ ልቆይ?

ሁለት ነገር። የመጀመሪያው ስለ ልጅዎ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ ምን ያረጋጋዋል፣ ምን ያስነሳበታል፣ ሲርበውና ሲያመው እንዴት ያሳውቃል፣ መድኃኒቱና መጠኑ፣ እርስዎ ሆስፒታል ቢገቡ ማን ይይዘዋል። ያ ሰው ልጁን አስቀድሞ የለመደ ይሁን፤ ወረቀቱም እሱ ጋ አንድ ቅጂ ይኑር።

ሁለተኛው የለውጥ ካርድ ነው። አንድ ቀለም፣ አንድ ምልክት፤ «የዛሬው ይለያል» ማለት። ችግር እስኪመጣ አይጠብቁ። አሁን፣ በሰላሙ ጊዜ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በሚወደው ነገር ይጀምሩበት፤ ካርዱን አሳይተው ከእራት በፊት የሚወደውን ጨዋታ ይስጡት። ሲለምደው ወደማይወደው ትንሽ ለውጥ ይሻገሩ። ለውጡ የሚያበቃበት ቀን የሚታወቅ ከሆነ ቀኖቹን ካርዱ ላይ በነጥብ ሥሩለትና ማታ ማታ አንድ አንድ ይሰርዝ። የማይታወቅ ከሆነ ነጥብ አይሥሩ። በየማታው ከመተኛቱ በፊት ለነገ አንድ ሥዕል ብቻ ይለጥፉ፦ ቤት ወይም አውቶቡስ።